ከጓሮ እስከ መኝታ ቤት፦ ለስጋ ማጨሻ የርቀት ቴርሞሜትር እንዴት መረጥን?

እህቴ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለችልኝ። ገና "ሄሎ" ሳልል "እሳቱ ጠፍቶ ነው ያደረው" አለችኝ። "ስጋው ለብ ብሎ ነው ያገኘሁት። ምን ላድርገው?"

ስጋው 5 ኪሎ የሚሆን የበሬ ፍርምባ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጓሮ ያለው የከሰል ማጨሻ ውስጥ አስገብታዋለች። ፍርምባ በዝግታ የሚበስል ስጋ ነው። ሌሊቱን ሲጨስ አድሮ ለምሳ እንዲደርስ ነበር ሐሳቧ። ለዚሁ ብላ ገመድ የሌለው፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ቴርሞሜትር ገዝታለች። ከመተኛቷ በፊት ስልኳን አየች፤ 41 ዲግሪ ይላል። ስትነሳም አየች፤ አሁንም 41 ይላል። ደንግጣ ጓሮ ስትወጣ ማጨሻው ቀዝቅዟል። ስጋውን በሌላ ቴርሞሜትር ስትለካው 33 ሆኖ አገኘችው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዲግሪ ሁሉ ሴልሺየስ ነው።)

ጣይው አልኳት። ባለቤቷ ከጎኗ ሆኖ "እሳቱን መልሰን ብናቀጣጥለውስ?" ሲል ይሰማኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያን ያህል ስጋ መጣል ያማል። ግን ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ ቶሎ ቶሎ ይራባል፤ እሳቱ መቼ እንደጠፋ ደግሞ ማንም አያውቅም። የጠፋው ከግማሽ ሰዓት በፊት ይሁን ከአምስት ሰዓት በፊት የሚነግረን ነገር የለም። መልሶ ማብሰልም ሁሉንም አያድንም። እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ ሙቀት ይችላል። ባክቴሪያው ሞቶ መርዙ ሊቀር ይችላል። ልጆች የሚበሉት ምግብ ነው። ጣለችው።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "እንግዲህ ጥሩ ቴርሞሜትር ምረጥልኝ" አለችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ያኛው ለምን እንዳልሠራ ማወቅ ፈለግኩ። ያንን ሳናውቅ ሌላ ብንገዛ ያው ነው የሚሆነው።

የተቆረጠው መስመር

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቅኳት ስልኳን ነው። አፑ የስጋውን ሙቀት በግራፍ ይመዘግባል። መስመሩ ከ6 ዲግሪ ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ሲሆን 41 ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። አልወረደም፣ አልተዛባም፤ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ነው የቆመው።

"6 ሰዓት ከ40 ላይ ምን እያደረግሽ ነበር?" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። "ወጥ ቤት አመሸሁና ልተኛ ገባሁ።"

መልሱ ይኸው ነበር። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። ስልኳን ይዛ ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት ስትሄድ ግንኙነቱ ተቋረጠ። አፑም መጨረሻ ያገኘውን ቁጥር ይዞ ቆመ። ከቁጥሩ ሥር በትንንሽ ፊደል "ግንኙነት የለም" የሚል ጽሑፍ ነበረው። የተኛ ሰው ግን ጽሑፍ አያነብም።

ቤቱ ረዘም ያለ ነው። ጓሮው ከኋላ፣ ወጥ ቤቱ ከጓሮው ቀጥሎ፣ ከዚያ ኮሪደር፣ ከዚያ ሳሎን፣ መኝታ ቤቱ ደግሞ ከፊት ለፊት ነው። በማጨሻውና በአልጋው መካከል ሦስት የብሎኬት ግድግዳ አለ። አንድ ቁራጭ ስጋ አመጣን፤ ፕሮቡን፣ ማለትም ስጋው ውስጥ የሚሰካውን ዘንግ ሰካንበት፤ እሳት የሌለበት ማጨሻ ውስጥ አስቀመጥነው። ስልኩን ይዘን ክፍል ለክፍል መዞር ጀመርን። የማጨሻው ክዳን ክፍት ሲሆን ሳሎን ድረስ ያነባል። ክዳኑን ስንዘጋው ወጥ ቤት ውስጥ በግድ ያነባል፤ ኮሪደር ላይ ይጠፋል። መኝታ ቤትማ ጭራሽ የለም።

ክዳኑ ያን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ማጨሻው ወፍራም ብረት ስለሆነ ነው። ገመድ የሌለው ፕሮብ አስተላላፊው ራሱ ከስጋው ጋር የብረት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበታል። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል። ብሉቱዝ የሚሠራበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ ውሃ ይመጥጠዋል፤ ስጋ አብዛኛው ውሃ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት ምንም በማይከልለው ሜዳ ላይ የሚገኝ ርቀት ነው። ሜዳ ላይ የሚተኛ ሰው ደግሞ የለም።

ይህን ያህል በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ሰው የርቀት ቴርሞሜትር ሲመርጥ ከዕቃው ስለሚጀምር ነው። ስንት ፕሮብ አለው? አፑ ያምራል? በእኔ እምነት መጀመሪያ መለካት ያለበት ቤቱ ነው። ማጨሻው የት ነው? አንተ ሌሊት የት ነህ? በመካከል ምን አለ? እኛ ይህን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም።

ክዳኑ ላይ ያለው ሰዓት

ግን ግንኙነቱ ቢቋረጥም እሳቱ ራሱ ለምን ጠፋ? ይህኛውን ለማወቅ ማጨሻውን አቀጣጠልነው። እኔ ከቤቴ ባለገመድ ቴርሞሜትር ይዤ ሄጄ ነበር። የአየር ፕሮቡን ስጋው የሚቀመጥበት ፍርግርግ ላይ በቅንጥብ አያያዝኩት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ክዳኑ ላይ ያለው ሰዓት፣ ማለትም ሙቀት የሚያሳየው ባለ ቀስት መለኪያ፣ 140 ሲያሳይ ፍርግርጉ ላይ 112 ነው። የ28 ዲግሪ ልዩነት!

የክዳን ሰዓት አሠራሩ ቀላል ነው። ሲሞቁ እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች አንድ ላይ ተጣብቀው ይጠቀለላሉ፤ ሙቀት ሲነካቸው ይጠመዘዙና ቀስቱን ያዞሩታል። አንዳንዱ ሰዓት ራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል። ትክክል ቢሆንም የሚለካው ክዳኑ ሥር ያለውን አየር ነው፤ ስጋው ያለው ደግሞ ታች ነው። በእህቴ ማጨሻ ላይ ልዩነቱ ወደ ላይ ሆነ። በሌላ ማጨሻ ወደ ታች ሊሆን ይችላል።

አሁን የዚያ ሌሊት ታሪክ ተያያዘልን። ፍርምባ ብዙ ጊዜ ከ107 እስከ 121 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው የሚጨሰው። እህቴም የክዳኑን ሰዓት 115 ላይ ለማቆም ስትል የአየር ማስገቢያውን ዘግታ ዘግታ ስንጥቅ ብቻ አስቀርታለች። ስጋው አጠገብ የነበረው ሙቀት ምናልባት 90 ቢደርስ ነው። አየር ያጣ ከሰል አመድ ሲከማችበት ይታፈናል። ታፍኖም ጠፋ።

የሚገርመው የብሉቱዙ ፕሮብ ይህን ነግሯት ነበር። እንዲህ ዓይነት ፕሮብ ከስጋው ውጭ የሚቀረው ጫፉ ላይ ሌላ የአየር መለኪያ አለው። ያ መለኪያ 82 ይል ነበር። እሷ ግን ክዳኑ 115 ስለሚል አላመነችውም። እርግጥ 82ም ሙሉ እውነት አልነበረም። ጫፉ ከስጋው የሚርቀው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ ከስጋው የሚተነው እርጥበት በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። ከክዳኑ ግን እሱ ይሻል ነበር።

ምን እንግዛ?

ከዚህ በኋላ ምርጫው ጠበበልን። የሚያስፈልጋት ሁለት ነገር የሚለካ ዕቃ ነው፦ የስጋውን ውስጥና የማጨሻውን አየር፣ በተለያየ ፕሮብ። መረጃው በሦስት ግድግዳ አልፎ አልጋዋ ድረስ መድረስ አለበት። አንድ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ዝም ማለት የለበትም።

ሦስት መንገድ ነበረን። የመጀመሪያው ያለውን ዕቃ ይዞ መቀጠል ነው። አንዳንዱ ገመድ አልባ ፕሮብ የቻርጅ ሳጥኑ ራሱ ሲግናሉን ተቀብሎ ወደ ፊት ያሳልፋል። ሳጥኑ ማጨሻው አጠገብ ከተቀመጠ ችግሩ ይቀላል። የእሷ ግን ተራ ቻርጀር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዋይፋይ ነው። ባለገመድ ፕሮብ፣ ውጭ የሚቀመጥ ሳጥን፣ ከዚያ በራውተሩ በኩል ወደ ስልክ። ይህን ለብዙ ሰው እመክራለሁ። በተለይ ስጋው እየጨሰ ከቤት ወጣ ብሎ መመለስ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የለም። የእህቴ ራውተር ግን ከፊት ለፊት ሳሎን ነው ያለው። ጓሮ ላይ ዋይፋዩ አንድ መስመር ብቻ ያሳያል፤ እሱም ይመጣል ይሄዳል። ሌላም ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል። ስልኳ ደግሞ ሌሊት ድምፅ አልባ ነው የሚሆነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ነው ማንቂያው የሚሰማት። ለአንድ ሌሊት በጣም ብዙ "ከሆነ" ነው።

ሦስተኛው የራሱ ተቀባይ ያለው የሬዲዮ ቴርሞሜትር ነው። አስተላላፊው ከማጨሻው ውጭ ይቀመጣል፤ ፕሮቦቹ በገመድ ይገቡበታል። ተቀባዩ ኪስ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ሆኖ ቁጥሩን በራሱ ስክሪን ያሳያል። ስልክም ኢንተርኔትም አይፈልግም። እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙውን ጊዜ እንደ 433 ወይም 915 ሜጋኸርዝ ባሉ ዝቅ ያሉ ሞገዶች ነው የሚሠሩት። የ433 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 69 ሴንቲሜትር ነው፤ የብሉቱዝ 12 ተኩል ገደማ ነው። ረዘም ያለው ሞገድ ግድግዳ ላይ ቶሎ አይደክምም። አስተላላፊው ከብረቱ ሳጥን ውጭ መሆኑ ግን ከሁሉም በላይ ነው።

እዚህ ላይ ወሰንን። ከዚያ በኋላ ከሬዲዮዎቹ መካከል ስናማርጥ እህቴ የካርቶኖቹን ጀርባ እያነበበች ትጠይቀኝ ነበር። አንዱ 0.1 ዲግሪ ያሳያል ይላል። ይህ የስክሪኑ ነገር ነው አልኳት፤ ትክክለኛነቱን የሚናገረው "ሲደመር ሲቀነስ 1 ዲግሪ" የሚለው ቁጥር ነው። ሌላው የስጋ ዓይነት ሲመረጥለት ዲግሪውን ራሱ ያስቀምጣል፤ ለ"በደንብ የበሰለ የበሬ ስጋ" 77 ይላል። ይህ ለፍርምባ አይሆንም። በ77 ዲግሪ ፍርምባ ለጤና የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ ግን ገና ጎማ ነው። በውስጡ ያለው ኮላጅን (ስጋውን ጠንካራ የሚያደርገው ነገር) ወደ ለስላሳ ጄላቲን ተለውጦ ስጋው እንዲላላ ሰዓታት ያስፈልጉታል፤ የሚወጣውም ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ለዶሮ ቁጥሩ 74 ነው፤ እሱን በቃል መያዝ ይቻላል።

እኔ ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። አንደኛ፣ ለአየር ፕሮቡ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ማንቂያ አለው ወይ? ብዙዎቹ "ስጋው ደረሰ" ብለው ይጮሃሉ፤ "እሳቱ እየወረደ ነው" ግን አይሉም። እህቴን ያከሰራት ይኸው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛ፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ይጮሃል? ሦስተኛ፣ ፕሮብ ለብቻው ይሸጣል? ገመድ ያልቃል፤ ሙሉ ዕቃ ከመግዛት ፕሮብ መቀየር ይሻላል። አስተላላፊው ውጭ ስለሚያድር ውሃ የመቋቋም ደረጃውንም አየን። አይፒ65 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል፤ አይፒ67 ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ቢወድቅም ይችላል። ለዝናብ የመጀመሪያው ይበቃል።

እነዚህን ሁሉ የሚያሟላ ባለ ሁለት ፕሮብ ገዛን። አፕ የለውም። መልኩም ያን ያህል አያምርም።

በረዶና የፈላ ውሃ

ስጋ ከማስገባታችን በፊት ፈተንነው። አንድ ኩባያ ሙሉ የተከሰከሰ በረዶ፣ ክፍተቱን እስኪሞላው ቀዝቃዛ ውሃ። አማሰልነው። ፕሮቡ የኩባያውን ጎንና ታች ሳይነካ መሐል ላይ ያዝነው። የስጋው ፕሮብ 0.4 አለ፤ የአየሩ 1.1። ሁለቱም ጥሩ ነው።

ከዚያ የፈላ ውሃ። እህቴ 100 ስላላየች "ይሄም ተበላሽቷል" ብላ ተከፋች። አልተበላሸም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባህር ወለል ከፍታ ነው። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ 2,000 ሜትር ላይ 93 ገደማ ነው። የፈላ ውሃ ፈተና የቦታን ከፍታ ለማያውቅ ሰው ያሳስታል። በረዶው ግን ከፍታ አይመርጥም። እሱን ነው የምመክረው።

የመጀመሪያው ሌሊት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ የሚያህል ፍርምባ አስገባች። ፕሮቡን ከጎን በኩል አስገብተን ጫፉን በጣም ወፍራም የሆነው ቦታ መሐል ላይ አደረስነው፤ የጮማ ሽፋን ውስጥ እንዳይቆም ተጠነቀቅን። የአየር ፕሮቡ ፍርግርጉ ላይ፣ ከስጋው 5 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ። የታች ማንቂያ 95፣ የላይ 130። ተቀባዩ ከአልጋዋ አጠገብ ኮመዲኖ ላይ ተቀመጠ። ማታ 3 ሰዓት ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ጮኸ። የአየሩ ሙቀት 94 ሆኗል። ተነስታ ወጣች፤ ሥሩ ያለውን አመድ አራግፋ የአየር ማስገቢያውን ትንሽ ከፈተችው። ከ20 ደቂቃ በኋላ 113። ተመልሳ ተኛች። ስጋው ያኔ 60ን አልፎ ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደወለች። ድምጿ ውስጥ ያ የመጀመሪያው ቀን ድንጋጤ አለ። "69 ላይ ቆሟል። ሰዓት ሊሞላው ነው። ይሄም ተቋረጠ መሰለኝ።"

"የአየሩን አንብቢልኝ" አልኳት።

"113... 114። አሁን 112።"

ሕይወት አለው ማለት ነው። የአየሩ ቁጥር ወዲህ ወዲያ እያለ የስጋው ከቆመ፣ የቆመው ስጋው ራሱ ነው። ትልቅ ስጋ ከ65 እስከ 75 ባለው ቦታ ላይ እንዲህ ሰዓታት ይቆማል። ሰው ሲያልበው እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው፤ ከስጋው የሚወጣው እርጥበት ሲተን የሚመጣውን ሙቀት ይዞት ይሄዳል። ሁለት ፕሮብ የፈለግኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። አንዱ ለአንዱ ምስክር ይሆናል።

2 ሰዓት ላይ በፎይል ጠቀለለችው፤ ትነቱ ታፈነ፤ ቁጥሩ እንደገና መውጣት ጀመረ። 6 ሰዓት ላይ 94 ደረሰ። ፕሮቡን አውጥታ ሌላ ቦታ ስትሰካው ያለ ምንም ግፊት ገባ። እንደተጠቀለለ አንድ ሰዓት አረፈ። እኔ ስደርስ ልጆቹ ቀድመውኝ ጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ።

የታጠበው ገመድ

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አንድ እንግዳ ነገር መጣ። ስጋው ከገባ አምስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ተቀባዩ "97 ደርሷል" ብሎ ጮኸ። እህቴ አሁን ቁጥር ስታይ መጠየቅ ለምዳለች። ፕሮቡ ያለበት አጠገብ በሹካ ወጋችው፤ አልገባም። ሁለቱን ፕሮቦች አቀያየረቻቸው፤ ስጋው 66 ነው።

ምን እንዳደረገች ስጠይቃት ከባለፈው በኋላ ፕሮቡን ከነገመዱ ውሃ ውስጥ ነክራ እንዳጠበችው ነገረችኝ። ገመዱ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ውሃ ገብቷል። በእንዲህ ዓይነት ፕሮብ ውስጥ ያለው ቴርሚስተር፣ ማለትም ሙቀቱን የሚለካው ክፍል፣ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል። ውሃ ሲገባበትም ተቃውሞው ይቀንሳል። መሣሪያው ሁለቱን መለየት ስለማይችል "ሞቋል" ብሎ ያነባል። ሞቅ ባለ ኦቨን ውስጥ ብረቱን ለጥቂት ሰዓት አደረቅነው፤ ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለማንኛውም አንድ መለዋወጫ ፕሮብ ገዝታ አስቀምጣለች። አሁን ብረቱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች።

ሌላው ያስቸገረን ገመዶቹ የሚያልፉበት ቦታ ነበር። ክዳኑ ሲዘጋ ይጫናቸዋል፤ አንደኛው ላይ የብረት ሽቦ መጠቅለያው መጎዳት ጀምሮ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስሄድ መፍትሔውን አገኘሁት። የክዳኑን ሰዓት ፈትታ አውጥታዋለች። ሁለቱ ገመዶች እሱ በነበረበት ቀዳዳ ነው የሚገቡት።